ዘብ የቆመው አምስት ሳንቲም

አምስት ሳንቲም ከኪስ ከጠፋ ቆይቷል፤ ከአፍ ግን አልጠፋም። «አምስት ሳንቲም የለኝም» የሚል ሰው ዛሬም ሞልቷል። ቢኖረውስ ምን ሊገዛበት? ቢሆንም ቤታችሁ ውስጥ፣ የሆነ መሳቢያ ጥግ፣ ከአሮጌ ቁልፍና ከማይሠራ ሲም ካርድ ጋር ተደባልቆ አንድ ሁለት አይጠፋም። ካገኛችሁት አገላብጣችሁ እዩት። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው በኩል ጠመንጃ የያዘ ወታደር ቆሟል። አሮጌው ከሆነ ዓመቱ 1969 ይላል።

ወታደሩ ስም የለውም። የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከየትኛው አውራጃ እንደመጣ፣ ወደ ቤቱ ይመለስ አይመለስ ሳንቲሙ አይነግረንም። ያቆመው መንግሥት በግንቦት 1983 ወደቀ። እሱ ግን አልወረደም፤ ከደርግ በኋላም ያው ሥዕል እየታተመ ቀጠለ። ዳቦ ሲወደድ፣ የታክሲ ዋጋ ከሳንቲም ወደ ብር ሲሻገር፣ ሳንቲሙ ራሱ ከገበያ ቀስ በቀስ ሲጠፋ፣ ወታደሩ እዚያው ቆሟል። ዘብ የሚቀይረው አልመጣም።

ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ሳንቲም ሰብሳቢም የታሪክ ምሁርም አይደለሁም። ግን ይህች ትንሽ ብረት አንድ ጥያቄ ታመጣብኛለች። ገና የተወለደ ሥርዓት፣ ጦርነት ውስጥ ሆኖ፣ ጦርነቱም ሳያልቅ፣ «ይህን አስታውሱ» ብሎ በገንዘብ ላይ የማተም መብት አለው? ሐውልት ከሆነ በሌላ መንገድ ዞሮ ማለፍ ይቻላል። መጽሐፍ ከሆነ አለመግዛት ይቻላል። ገንዘብ ግን ዳቦ የሚገዛበት ነገር ነው። በላዩ የታተመ ትውስታ፣ ፈለግነውም አልፈለግነውም፣ ኪሳችን ውስጥ ይገባል።

ያረሰውና የታጠቀው

1969ን እስቲ መለስ ብለን እንየው። ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ (መስከረም 2 ቀን 1967) ገና ሁለት ዓመት አልፏል። በጥቅምት 1969 የንጉሡ ምስል ያለባቸው የብር ኖቶች በአዲስ ተተኩ። ሳንቲሞቹም ተቀየሩ። በዚያው ዓመት ኤርትራ ውስጥ ጦርነት አለ፤ በእኛ በጎንደር በኩል ኢዲዩ በመተማና በሁመራ ይዋጋል፤ በከተሞች ቀይ ሽብር ተጀምሯል፤ በሐምሌ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ገባ። ደርግ ራሱን የአዲስ አገር ጅማሬ አድርጎ ነበር የሚያየው፤ ሳንቲሞቹም የአዲሱ አገር የመጀመሪያ ፎቶ ነበሩ ማለት ይቻላል።

በፎቶው ውስጥ ማን አለ? አንድ ሳንቲሙ ላይ ገበሬ በሁለት በሬ ያርሳል። አምስት ሳንቲሙ ላይ ወታደሩ አለ። አሥር ሳንቲሙ ላይ የደጋ አጋዘን። ስሙኒው ላይ ወንድና ሴት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል። ሽልንጉ ላይ ሕዝብ ተሰብስቧል።

መጀመሪያ ለሳንቲሙ የሚገባውን ክብር ልስጠው። ከዚያ በፊት የነበሩት ሳንቲሞች አንድ ሰው ብቻ ነበር የሚያውቁት፤ ንጉሠ ነገሥቱን። ገበሬ በኢትዮጵያ ሳንቲም ላይ ሞፈር ይዞ መታየቱ ትልቅ ነገር ነው። ስም የሌለው ተራ ወታደር፣ ጄኔራል ሳይሆን፣ መታሰቢያ ማግኘቱም እንዲሁ። «መሬት ላራሹ» ብሎ የወጣ ትውልድ ያንን አንድ ሳንቲም ሲያይ ምን እንደተሰማው መገመት አይከብድም።

ግን ሁለቱን ሳንቲሞች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በዚያው 1969 መንግሥት «የእናት አገር ጥሪ» ብሎ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ገበሬ ከየቀበሌው ሰብስቦ በታጠቅ ጦር ሰፈር አሠለጠነ። ሚሊሺያ ተባሉ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ከአውራጃቸው ወጥተው አያውቁም። በጥቂት ወር ሥልጠና ወደ ኦጋዴንና ወደ ኤርትራ ተላኩ። ስለዚህ አንድ ሳንቲሙ ላይ የሚያርሰው ሰውና አምስት ሳንቲሙ ላይ ጠመንጃ የያዘው ሰው ሁለት ሰዎች አይደሉም። አንድ ሰው ነው። ሞፈሩን ሲያስቀምጥና ጠመንጃውን ሲያነሳ ዋጋው ከአንድ ወደ አምስት ከፍ አለ፤ በሬዎቹ ግን ከሥዕሉ ወጡ። ማን እያረሰ እንደቀረ የሚነግረን ሳንቲም የለም።

ሳንቲሙን የሳለው ሰው ይህን አስቦ አይመስለኝም። ጥያቄዬ ግን እዚህ ላይ ነው የሚከብደኝ። ያ ገበሬ «ምስልህን እናትማለን» ሲባል እሺ አላለም፤ ስላልተጠየቀ። ጦርነቱ ገና ስላላለቀም በሕይወት ይኑር አይኑር አይታወቅም። የሞተን ሰው ለማስታወስ ሐውልት ይሠራል። ይህ ግን ገና ለሚሞት ሰው ቀድሞ የተሠራ መታሰቢያ ነው።

በይፋ «የመታሰቢያ ሳንቲም» የሚባሉት ደግሞ በተከታዩ ዓመት መጡ፤ ከሕዝቡ ኪስ ግን አልገቡም። 1970 የሚል ዓመት ያለባቸው፣ በዓለም አቀፍ የዱር እንስሳት ጥበቃ ስም የታተሙ፣ ለሰብሳቢዎች የሚሸጡ ነበሩ። 25 ብሩ ላይ የደጋ አጋዘን፣ ከወርቅ የተሠራው 600 ብር ላይ የስሜኑ ዋልያ አለ። 1970 የካራማራ ዓመት ነው፤ ቀይ ሽብር አዲስ አበባ ጎዳና ላይ አስከሬን ያስጣለበት ዓመት ነው። ያንን ዓመት ለውጭ ሰብሳቢ የሚያስታውሰው ወርቅ ግን የሚያሳየው አንድ ዋልያ ነው። ለደሃው በአምስት ሳንቲም ጦርነት፣ ለሀብታሙ በወርቅ ሰላም። ዋልያውን አልጠላሁትም፤ የእኛው የጎንደር ተራራ ልጅ ነው። ግን ልዩነቱ ይታያችሁ።

የቆመ ሰዓት

እዚህ ላይ አንድ ሌላ ነገር ልጨምር። በፕሮግራም ሥራ ውስጥ «ሃርድ ኮድ» የምንለው ነገር አለ። መቀየር ያለበትን ነገር፣ ቀን ለምሳሌ፣ ኮዱ ውስጥ አንዴ ጽፎ እንደማይቀየር አድርጎ መተው ነው። የኢትዮጵያ ሳንቲም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር። የዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሳንቲሞች የተነደፉት ከጣሊያን ነፃ ከወጣን በኋላ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ገና እየተካሄደ ሳለ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ፊላደልፊያ ታተሙ። ዓመታቸው 1936 ይላል። ከዚያ በኋላ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል ሲታተሙም ዓመቱ 1936 እንደሆነ ቀረ። ደርግ ሲመጣ ደግሞ 1969 ብሎ ጀመረና እሱም ለብዙ ዓመት እዚያው ላይ ቆመ።

እንግዲህ ሁለት ትውልድ በኪሱ ይዞት የዞረው ሳንቲም ሁለት ዓመት ብቻ ነበር የሚያውቀው። አንዱ ጦርነት ሊያበቃ ሲል የተጻፈ፣ ሌላው ጦርነት ሲጀምር የተጻፈ። በመካከላቸው ያለው ጊዜ፣ ሰው የወለደበት፣ የተማረበት፣ የተራበበት ጊዜ፣ በሳንቲሙ ዘንድ የለም። ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ጊዜን የሚያይበት መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ እኔ ከመጣሁበት ቀን ወዲህ ሁሉም አንድ ቀን ነው።

ሕዝብ ግን ዝም ብሎ አልተቀበለም። አፉን እዩት። 50 ሳንቲምን «ሽልንግ» የሚለው ለምንድን ነው? በ1937 አዲሱ ብር ሲወጣ አንዱ በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ሂሳብ ስለነበረ ነው፤ ግማሹ አንድ ሽልንግ ሆነ። እንግሊዞች ሄዱ፣ ሽልንጋቸው ጠፋ፣ ስሙ ግን በሰው አፍ ቀረ። መንግሥት ሳንቲሙ ላይ አንበሳና ንጉሥ ሲያትም፣ ገበያው የራሱን መታሰቢያ በምላሱ ያትም ነበር። «ብር» የሚለው ቃል ራሱ የማዕድኑ ስም ነው። የንጉሥ ስም አይደለም፣ የድል ስምም አይደለም።

መድፍ የወለደ አገር

አሁን ወደ ኋላ፣ ወደ እኔ አገር ልውሰዳችሁ። ያደግሁት ሐሙሲት ነው፤ ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የደራ ወረዳ ከተማ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሲኬድ ደብረ ታቦር አለ፤ ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት። የተበታተነውን አገር አንድ አደርጋለሁ ብሎ የተነሳው ዐፄ ቴዎድሮስ ብረት ያስቀለጠው እዚያ ነው። በጋፋት ሚሲዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ ሠሩለት። መድፉ በሰው ጉልበት ተጎትቶ፣ ገደል እየተቆረጠለት፣ ከደብረ ታቦር መቅደላ ደረሰ።

ቴዎድሮስ አዲስ አገር እየሠራ ነበር፤ ጦርነትም ላይ ነበር። ግን የራሱን ገንዘብ አልመታም። በዘመኑ ገበያ የሚገበያየው በአሞሌ ጨውና በማርትሬዛ ነበር። ማርትሬዛ ማለት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1780 የሞተችው የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት ጠገራ ብር ነው። ንግሥቲቱ ከሞተች በኋላም ያው 1780 እየተጻፈበት ሲታተም ኖረ። የእኛ ሰው እሷን አያውቃትም። የሚያውቀው ብሩን ነው፤ ክብደቱን፣ ሲጥሉት የሚያሰማውን ድምፅ፣ ጌጧ ላይ ያሉትን ነጥቦች። ነጥቦቹ ካልተሟሉ አይቀበልም። የእንግሊዝ ጦር ቴዎድሮስን ሊወጋ ሲመጣ ይህን አጥንቶ ነበር፤ የራሱን ንግሥት ምስል ትቶ ቪየና የተመታ ማርትሬዛ ይዞ ነው የመጣው። ስንቁን የገዛው በእሱ ነው።

ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 መቅደላ ላይ ሞተ። ከ104 ዓመት በኋላ ግን በገንዘብ ላይ ወጣ፤ በ1964 መንግሥት ለሰብሳቢዎች ባሳተማቸው ባለ አምስት ብር የመታሰቢያ ሳንቲሞች ላይ ከዮሐንስ፣ ከምኒልክና ከዘውዲቱ ጋር። በሚቀጥለው ዓመት ወሎ ተራበ። የራሱን ሳንቲም ያልመታ ንጉሥ በስተርጅና ዘመን ለሚያበቃ ዙፋን ጌጥ ሆነ።

ገበያው ያልፈረመው ጦርነት

በአገራችን አዲስ ሥርዓት በጦርነት ደፍ ላይ ሆኖ ሳንቲም የመታበት ግልጹ ጊዜ የዐፄ ምኒልክ ነው። የምኒልክ ብር ፓሪስ ታትሞ መጣ። በአንድ በኩል የንጉሠ ነገሥቱ ምስል፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለ። ዓመቱ 1887 ይላል። ዓድዋ በየካቲት 1888 ነው። ሳንቲሙ ጦርነቱን የቀደመው በአንድ ዓመት ግድም ብቻ ነው።

ከመረብ ማዶ ደግሞ ጣሊያን ቀድማ ጀምራ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1890ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ለኤርትራ ቅኝ ግዛቷ የንጉሥ ኡምቤርቶን ምስል ያለበት ታሌሮ አሳተመች። ሁለት መንግሥታት ዓድዋ ላይ ከመገናኘታቸው በፊት በብር ላይ ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሁለቱም «ይህ ምድር የእኔ ነው» ይላሉ።

ገበያው ማንን መረጠ? ማንንም። ማርትሬዛን። የኡምቤርቶን ብር አልቀበልም አለ። የምኒልክንም፣ ዓድዋን ያሸነፈውን የራሱን ንጉሥ ብር፣ በሙሉ ልብ አልወሰደውም፤ ጠገራው ከዚያ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት የገበያው ንጉሥ ሆኖ ቀጠለ። ዓድዋ ላይ ለምኒልክ የሞተ ሰው፣ ገበያ ሲወጣ የሞተች የኦስትሪያ ሴት ይመርጥ ነበር። ይህ ክህደት አይደለም። ሰውየው ሁለት ጥያቄ ተጠይቆ ሁለት መልስ ነው የሰጠው። «አገርህን ትወዳለህ?» ሲሉት በደሙ መለሰ። «ይህ ብር ነገም ይህንኑ ያህል ጤፍ ይገዛል?» ሲሉት ደግሞ «ቆይ፣ እስቲ እናያለን» አለ።

ጣሊያን ትምህርቱን በደንብ ተማረች። በ1918 እ.ኤ.አ. ማርያ ቴሬዛን የምትመስል ሴት ስላ ሌላ ታሌሮ ሞከረች፤ እሱም አልሄደላትም። በ1935 እ.ኤ.አ. ሊወረን ሲዘጋጅ ሙሶሊኒ መኮረጁን ተወና የእውነተኛውን ማርትሬዛ የማተሚያ መብት ከኦስትሪያ ወሰደ፤ ሮም ውስጥ ራሱ መታው። ወራሪው የራሱን ፊት አላተመም። ሰው የሚያምነውን ፊት ተዋሰ። በኋላም እንግሊዞች ጎጃም ውስጥ አርበኞችን ሲረዱ በግመል ጭነው ያስገቡት ያንኑ ማርትሬዛ ነው። ለመውረርም ለማስለቀቅም ያገለገለችው አንዷ ሴት ነች፤ ምክንያቱም እሷ ስለ ጦርነቱ ምንም አትልም ነበር።

ቅድም በገንዘብ ላይ የታተመ ትውስታ ሳንፈልግ ኪሳችን ይገባል ብዬ ነበር። የዓድዋው ገበያ ሌላ ነገር ያሳየናል። ጠገራውን በጥርሱ የሚሞክር፣ ነጥቡን የሚቆጥር፣ ካልጣመው የሚመልስ ገበሬ ድምፅ ነበረው። የምኒልክ ብር ታማኝ የነበረው፣ በእኔ ግምት፣ ገበሬው እምቢ ሊለው ይችል ስለነበረ ነው። ያ አምስት ሳንቲም ግን እምቢ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። በ1969 ማርትሬዛ የለም፣ ምርጫም የለም።

አዲስ አገር ምልክት አያስፈልገውም ወይ?

እዚህ ላይ ጥሩ መቃወሚያ አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። «ወንድሜ፣ አዲስ አገር እኮ ጦርነት ላይ ሆኖ ነው ምልክት የሚያስፈልገው። ሰላም ሲሆንማ ማንም ያምናል። በጨለማ ጊዜ ነው ሰው የሚጨብጠው ነገር የሚፈልገው» የሚል። እውነት አለው። ምኒልክ ብሩን ባይመታ ኡምቤርቶ ብቻውን «የእኔ ነው» ሲል ይኖር ነበር። ሳንቲም የመንግሥት ፊርማ ነው፤ ፊርማ የሌለው ሰው ውል ላይ አይቀመጥም።

ግን ምልክቱ ሲሰበር ዋጋውን ማን ይከፍላል? የቢያፍራን ታሪክ እዩ። በ1967 እ.ኤ.አ. ከናይጄሪያ ተገንጥላ ነፃነቷን አወጀች። በጥር 1968 እ.ኤ.አ. ናይጄሪያ የገንዘብ ኖቶቿን ስትቀይር ቢያፍራም የራሷን ኖት አወጣች። በነሐሴ 1968 እ.ኤ.አ. ሁለቱ ወገኖች አዲስ አበባ ድረስ መጥተው፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሰብሳቢነት፣ በአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጥላ ሥር ተደራደሩ፤ አልተስማሙም። በ1969 እ.ኤ.አ. ቢያፍራ ከአሉሚኒየም የተሠሩ ሳንቲሞችን፣ ለነፃነቷ ሁለተኛ ዓመት ደግሞ የወርቅ የመታሰቢያ ሳንቲም አወጣች። በዚያን ጊዜ ሕፃናቷ በረሃብ ሆዳቸው አብጦ በዓለም ጋዜጣ ላይ ነበሩ። በጥር 1970 እ.ኤ.አ. አገሪቱ እጅ ሰጠች።

ከዚያስ? የወርቁ ሳንቲም ዛሬም ወርቅ ነው፤ በጨረታ ይሸጣል፤ ብርቅ ስለሆነ ዋጋው ጨምሯል። የገበያ ሴትዮዋ የያዘችው የቢያፍራ ኖት ግን ወረቀት ሆነ። የናይጄሪያ መንግሥት ባንክ ገንዘብ ለነበራቸው ሰዎች፣ የቱንም ያህል ቢኖራቸው፣ 20 ፓውንድ ብቻ ሰጣቸው። መታሰቢያው ለሰብሳቢ ተረፈ፤ ዕዳው ለታመነው ሰው።

የጦርነት ጊዜ ሳንቲም የሞራል ችግር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳንቲሙ ያለፈን ነገር የሚያስታውስ ይመስላል፤ እውነቱን ስናየው ግን ከወደፊቱ የሚበደር ነው። «አሸንፈናል» ይላል፣ ገና ነው። «አንድ ሕዝብ ነን» ይላል፣ ገና ነው። ካልተሳካ ብድሩን የሚከፍለው ያተመው አይደለም፤ አምኖ የያዘው ነው። ናቅፋንም ማንሳት ይቻላል። ኤርትራ ገንዘቧን በጦርነት በታወቀች ከተማ ስም ሰየመች፤ በ1990 ወጣ። ኢትዮጵያም በዚያው ዓመት ኖቷን ቀየረች፤ የድንበር ንግዱም ተጨቃጨቀ። ዓመቱም ሳያልቅ ባድመ ላይ ተኩስ ተከፈተ። ጦርነቱን ያመጣው ገንዘቡ ብቻ ነው አልልም። ግን በሁለቱም ወገን ከገንዘቡ ለውጥ እስከ ጦርነቱ ያለው ጊዜ ከአንድ እርግዝና ያነሰ ነው።

ትእዛዝና ልመና

ታዲያ ምን ይታተም? መልሱን ያገኘሁት ከሁሉም የቆየው ዘመን፣ አክሱም ውስጥ ነው። አክሱም በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ ትመታ ነበር። ዒዛና ሲጠመቅ በሳንቲሙ አናት ላይ የነበረውን ጨረቃ በመስቀል ተካው። ያም አዲስ አገር ነበር በሉት፤ ዒዛናም የታወቀ ጦረኛ ነው፤ ዘመቻዎቹን በድንጋይ አስቀርጿል። ከዚያው ዘመን አካባቢ ግን አንድ ለየት ያለ የመዳብ ሳንቲም አለ። ንጉሡ ስሙን አልጻፈበትም። በስሙ ፈንታ በግሪክኛ የተጻፈው ሐሳብ «ይህ አገሩን ደስ ያሰኝ» የሚል ነው።

ግሱን እዩት። «ደስ አሰኘ» አይልም፤ «ደስ ይበላችሁ» ብሎም አያዝዝም። «ደስ ያሰኝ» ነው የሚለው፤ ምኞት ነው፣ ልመና ማለት ይቻላል። መልሱ በአገሩ እጅ እንዳለ ሳንቲሙ ያውቃል። መዳብ ደግሞ የድሃው ገንዘብ ነው፤ ልመናው የቀረበው ዕለት ዕለት ገበያ ለሚወጣው ሰው ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፤ ጦርነት ላይ ያለ መንግሥት ሳንቲም መምታት ይችላል፣ ግድም ሊሆንበት ይችላል። ግን ትውስታን በትእዛዝ ግስ ማተም የለበትም። ማስታወስ የተረፉት ሥራ ነው። ወታደሩ ጀግና መሆኑን ወይም ተጎትቶ መሄዱን መናገር የሚችሉት እናቱ፣ ልጁ፣ አብሮት የነበረው ናቸው፤ እነሱም እርስ በርስ ላይስማሙ ይችላሉ። ያ አለመስማማት ራሱ የትውስታው አካል ነው። ሳንቲም ግን ሁለት ፊት ብቻ ነው ያለው፤ አንደኛው ደግሞ ሁሌም የአንበሳው ነው።

መልክ የሌለው ገንዘብ

ይህን ሁሉ ስል አንዳንዶቻችሁ «ዘመኑ የቴሌብር ነው፣ ሳንቲም ማን ያያል?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እኔም የምሠራው እዚያው ነው። በክፍያ ሶፍትዌር ውስጥ ገንዘብ መልክ የለውም፤ ዳታቤዝ ውስጥ ያለ አንድ ቁጥር ነው። የሚገርመው ግን ያ ቁጥር ብዙ ጊዜ በሳንቲም ነው የሚቀመጠው። 125 ብር ከ50ን 12550 ብለን እንጽፋለን፤ ኮምፒውተር በነጥብ የተከፈለ ቁጥር ላይ ጥቃቅን ስህተት ስለሚሠራ፣ ሙሉ ቁጥር እንዲሆን ነው። ከገበያ የጠፋው ሳንቲም ኮድ ውስጥ በሕይወት አለ። ወታደሩ ግን የለም። ገበሬውም የለም።

ይሄ ይሻላል? መጀመሪያ ይሻላል ብዬ አስብ ነበር፤ ምስል ከሌለ ውሸት የለም። ከ2015 ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል ጦርነት ነው። ኢንተርኔት በተቋረጠባቸው ወራት ሐሙሲት ውስጥ ሰው የተገበያየው በእጁ በነበረው ወረቀት፣ እሱ ሲያልቅ ደግሞ «ሐሙስ ስትመጣ ትሰጠኛለህ» በሚል ቃል ነው። መልክ የሌለው ገንዘብ አንድ ቁልፍ ሲነካ ይጠፋል። እምቢ የማለት ዕድልም አይሰጥም፤ ጥርስ የሚነክሰው፣ ጆሮ የሚያዳምጠው ነገር የለውማ።

ከተማዋን እዩዋት፤ ሐሙሲት የሚለው ስሟ ከገበያ ቀኗ የመጣ ነው። ጦርነት ያሸነፈ ሰው ስም አልተሰጣትም። ሰዎች በሳምንት አንድ ቀን ተገናኝተው እንዲለዋወጡ የተስማሙበት ቀን ነው ስሟ። ንጉሥ ሲሄድና ሲመጣ ሐሙስ ግን በየሳምንቱ መጥቷል። በዚያ ገበያ የማርትሬዛን ነጥብ የቆጠረ አያት ነበር፤ ጠገራውን አስቀልጦ ለልጁ የአንገት መስቀል ያሠራም ነበር። እሱም ማተም ነው። የንግሥቲቱን ፊት አቅልጦ የራሱን መታሰቢያ አወጣበት፤ ማንንም አላስገደደም።

ይህ ጦርነት አንድ ቀን ያልቃል። ሲያልቅ፣ ወይም ሳያልቅ በፊት፣ አንዱ መታሰቢያ ላትም ማለቱ አይቀርም፤ ሳንቲም ላይ፣ ኖት ላይ፣ ካልሆነም በየስልካችን በሚዞር ምስል ላይ። ጠመንጃ የያዘ ስም የለሽ ወጣት ይሳላል፤ በየትኛው ወገን እንደሆነ የሚወሰነው በአሳታሚው ነው። ያን ጊዜ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባናል። ልጁ ስሙ ማነው? ቤተሰቡ ተጠይቋል ወይ? ሞፈሩን አሁን የያዘው ማነው? መልስ ካልተገኘ መታሰቢያው ይቆይ። መጀመሪያ የሞቱት ይቆጠሩ፣ የተረፉት ቤታቸው ይግቡ፣ የሐሙስ ገበያም እንደ ቀድሞው ይቁም።

እስከዚያው መሳቢያችሁ ውስጥ ያለውን አምስት ሳንቲም አትጣሉት። ምንም አይገዛም። ግን ከ1969 ጀምሮ ቆሞ የሚጠብቅ አንድ ገበሬ አለበት፤ በቃህ፣ ግባ ያለው ሰው እስካሁን የለም።